ለፊት ሎሚና ስኳር አትዘዙልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የሠርግ ወራት በተቃረበ ቁጥር በጋዜጦች የውበት አምድ፣ በሬዲዮና በየስልኩ የሚዘዋወረው ምክር አንድ ዓይነት ነው። ግማሽ ሎሚ ቆርጦ ስኳር መነስነስ፣ በዚያ ፊትን ማሸት፣ የሞተው ቆዳ ሲነሳ ፊት ይጠራል። መጠኑ አይነገርም፤ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ አይነገርም፤ ማን መንካት እንደሌለበትም አይነገርም። እኛ በደሴና በኮምቦልቻ በቆዳ እንክብካቤ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች ነን። በዚህ ምክር ከሚጠራው ፊት የሚጠቁረው እንደሚበዛ ስለምናውቅ ዝም ማለት አልቻልንም።

የሞተ ቆዳን ማንሳት በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። በልኩ ሲሆን ቆዳን ያለሰልሳል፣ የተደፈነ ቀዳዳን ይከፍታል፣ ከላይ የሚቀባው ቅባትም በደንብ እንዲገባ ይረዳል። ጥፋቱ የሚጀምረው ምን እየተነሳ እንደሆነ ሳይታወቅ ሲቀር ነው። የቆዳችን የላይኛው ሽፋን ከ15 እስከ 20 የሚደርስ የሞቱ ሕዋሳት ንብርብር ነው። በፊት ላይ ይህ ሁሉ ተደራርቦ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ወይም ሁለት መቶኛ ብቻ ነው፤ ተረከዝና መዳፍ ላይ ግን በብዙ እጥፍ ይወፍራል። ለተረከዝ የሚሆን ነገር ለፊት የማይሆነው ለዚህ ነው። በወጣት ሰው አዲስ ሕዋስ ከታች ተፈጥሮ፣ ላይ ደርሶ እስኪረግፍ ወደ 28 ቀን ይፈጅበታል፤ ዕድሜ ሲገፋ 40 ቀንና ከዚያም በላይ ይወስዳል። የሞተ ነው ብለን የምንንቀው ይህ ንብርብር ውሃ ከሰውነት እንዳይተን፣ ጀርምም ወደ ውስጥ እንዳይገባ የሚከለክል አጥር ነው። መነሳት ያለበት ላልቶ ሊረግፍ የደረሰው ብቻ ነው።

ገላ ሲታሽ በእጅ ሥር እየተጠቀለለ የሚወጣው ጥቁር ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። «ገና አልጸዳሁም» እያሉ መፈተግ ይቀጥላሉ። ያ ጥቅልል የሞተ ቆዳ፣ ቅባት፣ ላብና የሳሙና ቅሪት ተደባልቆ የሚሠራው ነው። ማሸት እስካልቆመ ድረስ አያልቅም፤ የላላው ካለቀ በኋላ ያልደረሰው ይከተላል። ገላው በሚቀጥለው ቀን ሲታጠቡት ካቃጠለ፣ ከተወጠረና እንደ መስተዋት ካብለጨለጨ የተነሳው ከልኩ አልፏል ማለት ነው።

ወደ ሎሚው እንምጣ። የጤናማ ቆዳ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 5 አካባቢ ነው፤ የሎሚ ጭማቂ ደግሞ 2 አካባቢ። በዚህ መለኪያ አንድ ቁጥር ሲወረድ አሲድነቱ በ10 እጥፍ ስለሚጨምር፣ ሎሚ ከቆዳችን ወደ 1,000 እጥፍ የበለጠ አሲድ ነው። ይባስ ብሎ በሎሚ ውስጥ፣ በተለይም በልጣጩ ዘይት፣ ፉሮኩማሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ቆዳ ላይ ቀርተው ፀሐይ ሲያገኛቸው ያቃጥላሉ። ቃጠሎው ወዲያው አይታይም፤ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ይቀላል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ሲድን ደግሞ ጥቁር ምልክት ትቶ ይሄዳል። ሰው ሎሚውን ማክሰኞ ተቀብቶ ፊቱ ሐሙስ ስለሚጠቁር ሎሚውን አይጠረጥርም፤ ፀሐይ ነው ወይም ምግብ ነው ይላል። ምልክቱን ለማጥፋትም ተመልሶ ያንኑ ሎሚ ይቀባል።

የስኳሩ ጣጣ ሌላ ነው። የስኳር ፍሬ ጠርዘ ስለታም ነው፤ ፊት ላይ በዓይን የማይታይ ጭረት ያወጣል፣ ጭረቱ ላይ ሎሚው ይገባል። ጨውና ደረቅ የቡና አተላም ፊት ላይ ከዚህ የተሻሉ አይደሉም። ቤኪንግ ሶዳ ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ይወስዳል፤ ፒኤቹ ከ8 በላይ ስለሆነ ቆዳውን ያደርቀዋል፣ ያልተፈለገ መላላጥም ያስከትላል። የልብስ ሳሙናም እንዲሁ።

የእኛ ዓይነት ጠይምና ጥቁር ቆዳ ሲቆጣ የሚመልሰው ቀለም በማምረት ነው። ቁስል፣ ጭረት፣ ቃጠሎ፣ የፈረጠ ብጉር፣ ሁሉም ሲድኑ ጥቁር ጥላ ትተው ያልፋሉ። ጥላው ከላይኛው የቆዳ ክፍል ከሆነ በወራት ይለቃል፤ ጠልቆ ከገባ ዓመታት ይቆያል። በጠንካራ ነገር የሚፈተግ ፊት እየቆየ የሚጠቁረው በዚህ ምክንያት ነው። በነጭ ቆዳ ላይ መቆጣት በቅላት ይታወቃል፤ በእኛ ላይ ግን ቅላቱ በቀላሉ አይታይም። ስለዚህ ዓይን ሳይሆን ስሜት ይጠየቅ፦ ያቃጥላል ወይ፣ ይወጠራል ወይ፣ ያሳክካል ወይ።

ወሎ ላይ ስለዚህ ጉዳይ ያለ ወይባ ማውራት አይቻልም። ሙሽራም ሆነች አራስ ገላዋን ቅቤ ወይም ቅባት ተቀብታ፣ የወይባ እንጨት ከሚጨስበት ትንሽ ጉድጓድ በላይ ዙሪያዋን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ተሸፍና ትቀመጣለች። ሙቀቱና ላቡ የሞተውን ቆዳ ያርሱታል፣ ቅባቱ እርጥበቱን ይይዛል፣ የጭሱ ቅሪት ደግሞ ቆዳው ላይ ያርፋል፤ በኋላ ሁሉም ተያይዞ ይለቃል። እናቶቻችን ያለ ድንጋይና ያለ ሎሚ ገላ ማለስለስን አሳምረው ያውቁ እንደነበር ይህ ይመሰክራል፤ ወይባን ኋላ ቀር ብሎ ማጣጣል ትክክል አይመስለንም።

ነገር ግን አደጋዎቹ እውነተኛ ናቸው። የመጀመሪያው ጭሱ ነው። ፍም በተዘጋ ቤት ሲቀጣጠል ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል፤ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያመጣል፣ ሲበዛ ይገድላል። ስለዚህ በርና መስኮት ይከፈት፣ ፊት ከሽፋኑ ውጭ ይሁን፣ የምትሞቀው ሴት ለብቻዋ አትተው፤ ሕፃን ክፍሉ ውስጥ አይኑር። ለአንድ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል። ከመግባቷ በፊትና ከወጣች በኋላ ሁለት ሁለት ብርጭቆ ውሃ ትጠጣ፤ ስትነሳ ቀስ ብላ ትነሳ፣ ሙቀት የደም ግፊትን ዝቅ ስለሚያደርግ ብድግ ስትል ልትወድቅ ትችላለች። ነፍሰ ጡር፣ የልብ ሕመም ያለባትና አስም ያለባት ሴት ጨርሶ አይግቡ። በቀዶ ጥገና የወለደች ቁስሏ ሳይድንና ሐኪሟን ሳትጠይቅ አትሞቅ።

ሁለተኛው አደጋ ከሙቀቱ በኋላ የሚመጣው ጥድፊያ ነው። ከወይባ የወጣ ገላ እጅግ ርሷል፤ በዚያ ሰዓት የእግር ድንጋይ ወይም ሻካራ መፈተጊያ ከነካው የላላውን ከጠንካራው ሳይለይ ይልጠዋል። ገላው እስኪቀዘቅዝ ይጠበቅ፤ ለብ ባለ ውሃ በመዳፍ ወይም በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ብቻ ይታሽ። በመዳፍ ያልለቀቀ ነገር ገና አልደረሰም፤ ለሚቀጥለው ጊዜ ይተው። ሎሚና ወይባ በአንድ ሳምንት አይገናኙ።

በከተሞቻችን እየተለመደ የመጣው ሞሮኮ ባዝም የሚሠራው በተመሳሳይ መንገድ ነው፦ እንፋሎት፣ ጥቁር ሳሙና፣ ከዚያ በጓንት ማሸት። የሚጎዳው ጓንቱ ነው። አንድ ጓንት ከሰው ወደ ሰው ሲዞር የቆዳ ኪንታሮትን፣ እንዲሁም ጭርትንና ሌሎች የቆዳ ፈንገሶችን ያስተላልፋል። የራስን ጓንት ይዞ መሄድ ነውር የለውም። ከተጠቀሙበት በኋላ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይድረቅ፤ እርጥብ መታጠቢያ ቤት ተንጠልጥሎ የሚውል ጓንትና ሉፋ የጀርም ቤት ነው። የተፈጥሮ ሉፋ በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ ይቀየር። አሻሿ ስታበረታው «በቃ» ማለት የደንበኛ መብት ነው፤ ሕመም የጽዳት ምልክት አይደለም።

ቤት ውስጥ ለገላ ቀላሉ ውህድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ደቃቅ ስኳር በአንድ የሾርባ ማንኪያ የሰሊጥ ወይም የኑግ ዘይት ነው። ስኳር የምንፈቅደው ከአንገት በታች ብቻ መሆኑ ይታወቅልን። መጀመሪያ ገላ ለብ ባለ ውሃ ለ10 ደቂቃ ይርጠብ፤ ደረቅ ቆዳ ላይ ምንም አይታሽ። በመዳፍ እያዞሩ ለአንድ ቦታ ከግማሽ ደቂቃ ያልበለጠ፣ ክርንና ጉልበት ላይ ትንሽ ጨመር ማድረግ ይቻላል። በሳምንት አንዴ ይበቃል። ወለሉ በዘይቱ ስለሚያንሸራትት አረጋውያን ተቀምጠው ይታጠቡ። ቆዳ በፎጣ ተጫን ተጫን ተደርጎ ሳይደርቅ፣ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ቫዝሊን ወይም ግሊሰሪን ይቀባ። ግሊሰሪን ብቻውን ወፍራም ስለሆነ በውሃ ይቀጠን፤ አንድ እጅ ግሊሰሪን ለሁለት እጅ ውሃ። በበጋ የደሴ አየር ቀዝቃዛና ደረቅ ስለሆነ ይህን ቅባት የዘለለ ሰው ባይፈትግ ይሻለዋል።

ለፊት የምንመክረው ከዚህ ሁሉ የለሰለሰ ነው። አንዱ መንገድ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ለብ ባለ ውሃ ነክሮ፣ ክብደት ሳይጥሉ ለ30 ሰከንድ ማዞር ነው፤ ለደረቅ ፊት በሳምንት አንዴ፣ ለቅባታም ፊት ቢበዛ ሁለቴ። ሌላው የአጃ ወይም የሽምብራ ዱቄት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በደቃቅ ወንፊት ተነፍቶ በሁለት የሾርባ ማንኪያ እርጎ ይለወስ፣ በስሱ ይቀባ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይቆይ። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፦ ሊጡ ደርቆ እስኪሰነጠቅ ይጠብቅና እየፈረፈረ ያነሳዋል፤ ያኔ የሊጡ ፍርፋሪ እንደ አሸዋ ይፍቃል። ገና እርጥብ ሳለ በብዙ ውሃ ይታጠብ እንጂ አይታሽ።

አቅሙ ያለው ሰው ከፋርማሲ የሚገዛው አሲድ፣ ስሙ ቢያስፈራም፣ በትክክል ከተያዘ ከማንኛውም ፍትጊያ ይልቅ ለፊት የተሻለ ነው፤ ሕዋሳቱን አያይዞ የያዛቸውን ነገር ያላላል እንጂ አይፍቅም። በቤት ውስጥ ለመጠቀም ላክቲክ ወይም ግላይኮሊክ አሲድ ከ5 እስከ 10 በመቶ፣ ፒኤቹም ከ3.5 ያላነሰ ይሁን። ለብጉራምና ለቅባታም ፊት ሳሊሲሊክ አሲድ ከ0.5 እስከ 2 በመቶ ይመረጣል፤ ጺም ከተላጨ በኋላ ፀጉሩ ወደ ውስጥ እየበቀለ ለሚያስቸግራቸው ወንዶችም ይረዳል፤ የተላጩ ዕለት ግን አይቀባ። መጀመሪያ በክንድ ውስጠኛ ክፍል ትንሽ ቀብቶ 48 ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል። ካልቆጣ ማታ ላይ ይቀባ፤ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በሳምንት አንዴ፣ ከዚያ ሁለቴ። አሲድ በተቀባበት ቀን ጨርቅም ዱቄትም አይታሰብ፤ ትሬቲኖይን ወይም አዳፓሊን የሚባለውን የብጉር መድኃኒት የሚጠቀም ሰው መድኃኒቱንና አሲዱን በአንድ ሌሊት አይደርብ። በየገበያው በጠርሙስ የሚሸጥ 30 ወይም 50 በመቶ የሚል አሲድ በባለሙያ እጅ ካልሆነ ፊት ያቃጥላል።

የሞተ ቆዳ የተነሳለት ፊት ለፀሐይ ስስ ነው። ከግላይኮሊክና ከላክቲክ አሲድ በኋላ ይህ ስስነት ካቆሙ በኋላ እንኳ ለአንድ ሳምንት ይቆያል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ትደርሳለች፤ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ወደ 10 በመቶ ይጨምራል። ብርዱ ፀሐዩን ያስረሳል፤ ጨረሩ ግን ብርድ አያውቅም። ኤስፒኤፍ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ፣ ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣት ርዝመት ልክ፣ ውጭ ሲዋል በየሁለት ሰዓቱ ይቀባ። መግዛት ያልቻለ ሰው ከረፋዱ 4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ በጃንጥላ፣ ሰፊ ጠርዝ ባለው ባርኔጣ፣ በሻሽ ወይም በነጠላ ይከለል። ይህንንም የማይችል ሰው አሲዱን አይጀምር።

የእግር ድንጋይ ቦታው ተረከዝ ነው። እግር ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይዘፍዘፍ፤ ድንጋዩም ይርጠብ። ወደ አንድ አቅጣጫ ለእያንዳንዱ እግር ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ተረከዙ እንደ ጉንጭ እስኪለሰልስ መፋቅ ስህተት ነው፤ ቆዳው ተጎዳሁ ብሎ መልሶ ይወፍራል። በምላጭ መቁረጥ ከዚህም የባሰ ነው። ከድንጋዩ በኋላ ዩሪያ 20 በመቶ ያለበት ክሬም፣ ካልተገኘ ቫዝሊን በወፍራሙ ተቀብቶ የጥጥ ካልሲ ለብሶ ማደር ነው። የተሰነጠቀውና የሚደማው ተረከዝ እስኪገጥም ድረስ ድንጋይ አይንካው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ድንጋዩን ከቤቱ ያውጣው፤ እግሩ ሕመም ላይሰማው ስለሚችል ትንሽ ጭረት እግር እስከማስቆረጥ ትደርሳለች።

ፍትጊያ የማያድናቸው ሕመሞች አሉ። ቋቁቻ ከፈንገስ የሚመጣ ስለሆነ በመፈተግ አይለቅም፤ እንደ ኬቶኮናዞል ያለ የፈንገስ መድኃኒት ይፈልጋል። ፈንገሱ ከሞተ በኋላም ቀለሙ እስኪመለስ ወራት ስለሚፈጅ «አልዳነም» ተብሎ መፈተግ የለበትም። ማድያት በተፈተገ ቁጥር ይጠቁራል። ችፌ፣ እከክና ጭርት ይባባሳሉ። ፊት ላይ ወጥቶ በወራት የማይድን ቁስል ቁንጭር ሊሆን ይችላል፤ ነጣ ወይም ቀላ ብሎ ሲነካ የማይሰማ የቆዳ ቦታ ደግሞ የሥጋ ደዌ ምልክት ሊሆን ይችላል። ሁለቱም በጊዜ ከተደረሰባቸው ይታከማሉ። ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል እነዚህን ሕመሞች በማከም የሚታወቅ ነውና መንገዱ ሩቅ አይደለም።

ማጥሪያ እየተባሉ የሚሸጡ ክሬሞችን የሚቀቡ ሴቶችንና ወንዶችን በተለየ እንለምናለን። ብዙዎቹ ክሎቤታሶልን የመሰለ ኃይለኛ ስቴሮይድ (የቆዳ መቆጣትን የሚያስታግስ መድኃኒት)፣ የቆዳን ቀለም የሚያነጣ ሃይድሮኪኖን ወይም መርዛማው ሜርኩሪ አለባቸው። ስቴሮይዱ ቆዳውን ያሳሳል፤ በሳሳ ቆዳ ላይ ማንኛውም ፍትጊያ ይልጠዋል። ክሬሙንም በአንድ ቀን መጣል ፊትን ሊያሳብጥና ሊያቃጥል ስለሚችል አወጣጡን የቆዳ ሐኪም ይምራው።

ከልክ በላይ የፈተገ ሰው የሚያደርገው ነገር ቀላል ነው፦ ሁሉንም ያቁም። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ለብ ያለ ውሃ፣ ሽታ የሌለው ለስላሳ ሳሙናና ቫዝሊን ብቻ። ውሃ ከቋጠረ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ካለው ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ለዝግጅት ክፍሉ ያለን ጥያቄ ይህ ነው። የውበት ማዘዣ ስታወጡ ለየትኛው የሰውነት ክፍል እንደሆነ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ፣ በስንት ቀን አንዴ እንደሚደረግና ማን መተው እንዳለበት አብራችሁ አትሙ። ሎሚን፣ ስኳርንና ቤኪንግ ሶዳን ከፊት ማዘዣ አውጡልን። ለሙሽሮች የሚጻፈው ምክር ላይ ደግሞ ሁለት ቀኖች ይጨመሩ፦ ከሠርጉ በፊት ባለው አንድ ወር ውስጥ ፊት ላይ አዲስ ነገር አይሞከር፤ የመጨረሻው ማሸት ከሠርጉ ቢያንስ አምስት ቀን ቀድሞ ያብቃ፣ ቆዳው ቢቆጣ የሚረጋጋበት ጊዜ እንዲኖረው።

ከአክብሮት ጋር፤
በቆዳ እንክብካቤ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች
ደሴ